ባለ መዓዛ ሮዝ ጽጌረዳ በጣና ዳር ግቢ

በባሕር ዳር ጽጌረዳ የሚተክል ሰው አስቀድሞ የሚሰጋው የበጋውን ድርቀት ነው፤ ነገር ግን ለሐይቁ በቀረቡ ግቢዎች ጽጌረዳን ደጋግሞ የሚገድለው የክረምቱ ውሃ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ብርቱ ውርጭ የማያሰጋት፣ ፀሐይም የማይጠፋባት በመሆኗ ለዚህ አበባ የተመቸች ናት። ዝናቡ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ፣ በብርቱ ይወርዳል፤ የጣና ውሃ ከፍ የሚለው ደግሞ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ በመስከረምና በጥቅምት ስለሆነ፣ ለሐይቁ የቀረበ መሬት ከላይ ዝናቡ ካባራ በኋላም ከሥሩ እርጥበቱ ቶሎ አይለቀውም።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። የመጀመሪያዋን ችግኝ የተከልኳት በሰኔ ሲሆን፣ በግቢያችን ጥቁር አፈር ውስጥ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ውሃ እንዲያሳልፍ ብዬ ከታች ጠጠር አንጥፌላት ነበር። ጥቁር አፈር ውሃ ከጠገበ በኋላ የሚያሳልፈው በጣም በዝግታ ስለሆነ፣ በዙሪያው የወረደው ዝናብ ሁሉ ልል ወደሆነው ጉድጓድ ገባና ጠጠሩ የውሃ ማጠራቀሚያ ሆነ። በሐምሌ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሲሆኑ የራባት መስሎኝ ፍግ ጨመርኩላት። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነቅዬ ሳያት ሥሮቿ ጠቁረው ነበር፤ አንዱን ሥር በሁለት ጣቴ ይዤ ስስበው ልጣጩ እንደተቀቀለ ድንች ቆዳ ሙልጭ ብሎ ወጣና በእጄ የቀረው ቀጭን ክር ብቻ ሆነ። ሽታውም የረግረግ ጭቃ ሽታ ነበር።

ስለዚህ ችግኝ ከመግዛት በፊት መሬቱን መፈተን ይገባል። 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ መሙላትና እስኪሰርግ መጠበቅ፣ ከዚያም ሁለተኛ ጊዜ መሙላት ነው። ሁለተኛው ውሃ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከሰረገ ቦታው ይሆናል፤ አድሮም ከተገኘ ግን ወደ ታች መቆፈሩን ትቶ ወደ ላይ መሥራት ይሻላል። በከተማችን በቀላሉ በሚገኘው ጥቁር ድንጋይ ዙሪያውን ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው መደብ መካብ፣ ድንጋዮቹንም ውሃ በመካከላቸው እንዲወጣ ያለ ሲሚንቶ መደርደር ነው። መደቡን ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ደግሞ ሻካራ አሸዋ ደባልቆ መሙላት ይቻላል። ፍጉ መብሰሉ የሚታወቀው ሲጨብጡት የማይሞቅና እንደ ጫካ አፈር የሚሸት ሲሆን ነው፤ ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ከመደቡ በታች ያለውን ነባር አፈር በመቆፈሪያ ማላላት እንጂ ጠጠር ማንጠፍ አያስፈልግም።

ቦታው በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከተቻለም የጠዋት ፀሐይ የሚመታው ይሁን፤ ምክንያቱም ሌሊት በቅጠሉ ላይ ያደረውን ጤዛ ቶሎ የሚያደርቀው እርሱ ነው። ከማንጎና ከሌሎች ትልልቅ ዛፎች ሥር ማራቅ፣ ከአጥሩም ግማሽ ሜትር መተው ይገባል። ቀን ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ መዓዛውን ይዞት ስለሚሄድ በሐይቁ በኩል ዝቅ ያለ የአትክልት አጥር ቢኖር መልካም ነው፤ ዙሪያውን በግንብ ማፈን ግን አየር ስለሚያሳጣው ለበሽታ ያጋልጠዋል።

ወደ ዓይነቱ ስንመጣ፣ እዚህ የምናገርለት ሃይብሪድ ቲ የሚባለው የጽጌረዳ ወገን በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትልቅ፣ እንቡጡ ሾጠጥ ያለ አበባ የሚያወጣው ነው። የተገኘውም ከቻይና የመጡትን የሻይ ጽጌረዳ የሚባሉትን ዓይነቶች ብርድ ከሚችሉት የአውሮፓ ጽጌረዳዎች ጋር በማዳቀል ሲሆን፣ የወገኑ መጀመሪያ ተብሎ የሚቆጠረው ላ ፍራንስ እ.ኤ.አ. በ1867 በፈረንሳይ የወጣ፣ ብርማ ሮዝ ቀለምና ብርቱ መዓዛ ያለው ነው። ሃይብሪድ ቲ ሙቀት መውደዱንና እየደጋገመ ማበቡን የወረሰው ከሻይ ጽጌረዳው ወገን ስለሆነ በባሕር ዳር ዓመቱን ሙሉ ያብባል። የቀጋ ዘመድ ቢሆንም እንደ ቀጋ አጥር ላይ ጥለውት የሚበቅል አይደለም።

ሮዝ ቀለም ግን የመዓዛ ዋስትና አይደለም። ለአበባ ገበያ የሚመረቱት አብዛኞቹ ጽጌረዳዎች የሚመረጡት በዘንጋቸው ርዝመትና ተቆርጠው በሚቆዩበት ጊዜ ስለሆነ መዓዛቸው ደካማ ነው፤ ከዕቅፍ አበባ ላይ ዘንግ ወስዶ ማጽደቅም በዚህ ምክንያት ብዙ ጊዜ ያሳዝናል። ወደ ችግኝ ጣቢያ ጠዋት፣ ከሦስት ሰዓት በፊት፣ ሄዶ በግማሽ የፈካውን አበባ በአፍንጫ መመርመር ከማንኛውም የሻጭ ምስክርነት ይበልጣል። ያላበበ ችግኝ እኔ አልገዛም።

የመትከያው ጊዜ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ሰኔ ሳይሆን የመስከረም መጨረሻ ቢሆን እመርጣለሁ፤ አፈሩ ገና እርጥብ፣ ፀሐዩ የተመለሰ፣ ሥሩም እስከሚቀጥለው ክረምት ስምንት ወር የሚያገኝበት ጊዜ ነውና። በችግኞቹ መካከል 80 ሳንቲ ሜትር ያህል መተው ይገባል። ችግኙ በሌላ ጽጌረዳ ሥር ላይ ተቀጥሎ የተዘጋጀ ከሆነ ከግንዱ ሥር የምትታየው እብጠት መሰል መጋጠሚያ ከአፈሩ በላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብላ ትቆይ። ከመጋጠሚያዋ በታች የሚወጣ ማንኛውም ቡቃያ የሥረኛው ተክል እንጂ የተገዛው ጽጌረዳ ስላልሆነ፣ አፈሩን ገለጥ አድርጎ ከመነሻው መገንጠል ነው፤ በመቀስ ቢቆረጥ ተመልሶ ያቆጠቁጣል።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ ለአንድ ተክል በሳምንት ሁለት ጊዜ ግማሽ ጀሪካን፣ ማለትም 10 ሊትር ያህል ውሃ ይበቃዋል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት አንድ ጊዜ መጨመር ነው። ውሃው ጠዋት፣ ቅጠሉን ሳይነካ ከሥሩ ይፍሰስ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት ሥሩን ላይ ላዩን ስለሚያስቀር ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። እርጥበቱን ለማቆየት ደረቅ ሣር ወይም ገለባ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል መጎዝጎዝ ይጠቅማል፤ ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ፣ ከሥሩም ምስጥ እንዳይገባ አልፎ አልፎ ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። ከሐይቁ የወጣ እምቦጭን ለዚህ መጠቀም የሚያምራቸው አሉ። ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ስለሚችል፣ አበባ የያዘውን ትቶ፣ ከውሃ ርቆ ሙሉ በሙሉ የደረቀውን ብቻ፣ ያውም ጎርፍ ወደ ሐይቁ በማይመልሰው ግቢ ካልሆነ አልመክርም።

ለምግቡ አንድ ዙር አበባ ባለፈ ቁጥር ጥቂት እፍኝ የበሰለ ፍግ ይበቃል። ዩሪያ ማብዛት ለስላሳ ቅጠል እንጂ አበባ አያመጣም፤ ለስላሳውን ቡቃያ ደግሞ ክሽክሽ የሚባለው ጭማቂ መጣጭ ትንሽ ተባይ ይወድደዋል።

ግረዛን በተመለከተ፣ እዚህ ተክሉን የሚያስተኛ ብርቱ ብርድ ስለሌለ ዋናው ግረዛ የሚደረገው ዝናቡ ሲያበቃ፣ የመስከረም መጨረሻ ወይም የጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው። የሞተውንና የቀጨጨውን አስወግዶ፣ አራት ወይም አምስት ጤነኛ ዘንጎችን ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር አስቀርቶ፣ ወደ ውጭ ከምትመለከት ዐይን፣ ማለትም ቡቃያ ከምትወጣበት ነጥብ፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በሰያፍ መቁረጥ ነው። መቀሱ ስለታም ይሁን፤ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲታለፍም በአልኮል ይጠረግ። ከተገረዘበት ቀን እስከ አበባው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል፤ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ወደ ስምንቱ ይጠጋል። ስለዚህ ጥር 11 ቀን ለጥምቀት እንግዳ አበባ ማቅረብ የሚፈልግ ሰው ያበቡትን ዘንጎች በኅዳር አጋማሽ መከርከም ይኖርበታል። ከዋናው እንቡጥ ጎን የሚወጡትን ትንንሾቹን እንቡጦች የሽንብራ ፍሬ ሳያክሉ በጣት ማንሳት የመካከለኛውን አበባ ያገዝፈዋል።

በሽታው እንደ ወቅቱ ይለያያል። በክረምት የሚመጣው ጥቁር ነጠብጣብ ሲሆን፣ ጠርዙ ጭረት ጭረት ያለው ጥቁር ክብ በቅጠሉ ላይ ይወጣል፣ ዙሪያው ቢጫ ይሆንና ቅጠሉ ይረግፋል። ይህ ሻጋታ ቅጠል ላይ ለመያዝ ቅጠሉ ሰባት ሰዓት ያህል ሳይደርቅ መቆየት አለበት፤ የጠዋት ፀሐይና የአየር መተላለፊያ አስፈላጊነትም ከዚህ ይመጣል። በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጠነክር፣ መካከሉን የሚያጨናንቁትን ቀጫጭን ቅርንጫፎች ማንሳት፣ የረገፈውንም ቅጠል በየሳምንቱ ለቅሞ ማቃጠል ወይም ከግቢው ማውጣት ይገባል፤ ኮምፖስት ውስጥ አይጨመር። ከኅዳር እስከ ጥር ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ሻጋታ በቡቃያው ላይ ይታያል። ይህኛው የቅጠል መራስ አያስፈልገውም። ገና ሲጀምር አንድ እጅ ወተት በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ በፀሐይ ሰዓት መርጨት ይረዳል፤ ከጠና ግን ከግብርና ግብዓት መደብር የሻጋታ መድኃኒት ገዝቶ በማሸጊያው ላይ እንደተጻፈው መጠቀም ነው። ክሽክሽን በውሃ ግፊት ማጠብ ብዙ ጊዜ በቂ ነው።

አበባውን ለቤት ለመቁረጥ የሚመረጠው ማለዳ፣ ጤዛው ሳይነሳ፣ እንቡጡ ላልቶ የውጭዎቹ አንድ ወይም ሁለት ቅጠሎች ወደ ኋላ መመለስ ሲጀምሩ ነው። ውሃ የያዘ ባልዲ አጠገብ ይዞ መቆም፣ በዘንጉ ላይም አምስት አምስት ትንንሽ ቅጠል ያላቸውን ሁለት የቅጠል ዘለላዎች ለተክሉ መተው ያስፈልጋል። እኔ ከየዙሩ አንዱን ሳልቆርጥ በበረንዳው መቀመጫ ፊት ለፊት እተወዋለሁ፤ ነፋሱ ከሐይቁ ሳይነሳ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ መዓዛው እስከ ቡናው ረከቦት ድረስ ይደርሳል።