«አብዛኛው ክርስቲያን እንዲህ ያምናል» ሲባል እንዴት ይመዘናል?

በድሬዳዋና በሐረር የኦርቶዶክሱ፣ የጴንጤውና የካቶሊኩ ልጅ በአንድ ሰፈር አድገው፣ በአንድ ክፍል ተምረው፣ ማታ ሻይ ቤት ሲገናኙ ጨዋታው ሃይማኖት ላይ ይደርሳል። ክርክሩ ሲከር ደግሞ ቁጥር ይመጣል፦ «በዓለም ላይ ስንት ክርስቲያን እንዲህ እንደሚያምን ታውቃለህ?» ይህ መመሪያ እንዲህ ያለው ጥያቄ በሰንበት ትምህርት ቤት፣ በጽዋ ማኅበር ወይም በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ሲነሳ ውይይቱን ለሚመሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ቁጥር አንዳንዴ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል፤ ፍርድ ግን ሆኖ አያውቅም። ሥራው ማስረጃ የሚሆንበትን ጊዜ ከማይሆንበት መለየት ነው። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አባባሉን በወረቀት አስፍሩት። በቃል ሲነገር «አብዛኛው ክርስቲያን» ማለት የተናጋሪው ቤተ ክርስቲያን፣ ወይም የሰፈሩ ሰው፣ ወይም በቴሌቪዥን የሚያያቸው ሰባኪዎች ሊሆን ይችላል። ሲጻፍ ግን ከማን መካከል፣ በየትኛው ዘመን፣ ስለ ምን ጉዳይ የሚሉት መሞላት አለባቸው። «ዛሬ በዓለም ካሉ ክርስቲያኖች የሚበልጡት ኤርሚያስ የጻፈው መልእክት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ነው ይላሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሊመረመር ይችላል፤ «ሁሉም ያውቀዋል» የሚለው አይመረመርም። በዚህ ደረጃ ላይ ብቻ የሚበርዱ ክርክሮች ብዙ ናቸው፤ ተናጋሪው ራሱ ማንን እየቆጠረ እንደነበር ሲጠየቅ ይጠፋበታልና።

ቀጥሎ የሚቆጠሩትን ሰዎች ለውጡና ውጤቱ ይጸና እንደሆነ እዩ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በድሬዳዋ ከመቶ ሰው 71 ያህሉ ሙስሊም፣ 26 ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ ከ3 ያነሰው ፕሮቴስታንት ነበር፤ የሐረሪ ክልልም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በአገር ደረጃ ኦርቶዶክሱ 43.5፣ ሙስሊሙ 33.9፣ ፕሮቴስታንቱ 18.6 ከመቶ ነበሩ። በዓለም ደግሞ ከሁለት ቢሊዮን በላይ ከሆኑት ክርስቲያኖች ግማሽ ያህሉ ካቶሊክ ናቸው፤ እኛን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክሶችን፣ ግብጾችን፣ ሶርያውያንንና አርመኖችን የሚያጠቃልሉት የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን ተደምረው መቶ ሚሊዮን አይሞሉም። እንግዲህ ብዛት የሚፈርድ ከሆነ በድሬዳዋ አንድ ፍርድ፣ በአዲስ አበባ ሌላ፣ በዓለም ሦስተኛ ፍርድ ይወጣል። አውቶቡስ ተሳፍሮ ከድሬዳዋ የወጣ ሰው አዋሽን ሲሻገር ሃይማኖቱ ሊለወጥበት ነው። ዘመኑን ብትለውጡም ያው ነው፦ በ1910 ከዓለም ክርስቲያኖች ሁለት ሦስተኛው ያህል በአውሮፓ ይኖር ነበር፣ በ2010 ግን ሩብ ያህሉ ብቻ። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። 43.5 ከመቶ ከሌሎች ይበልጣል እንጂ ከግማሽ አይበልጥም። «አብዛኛው» የሚለው ቃል ሁለቱን ስለሚያደባልቅ መሪው ሁልጊዜ «ከግማሽ በላይ ነው ወይስ ከሌላው የሚበልጥ?» ብሎ ይጠይቅ።

የጉዳዩን ዓይነት መለየት አጭር ሥራ ነው። ገናን ታኅሣሥ 29 ማክበር ወይም ከአሥራ ሦስት ቀን ገደማ ቀድሞ ማክበር የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ ስለሆነ ማኅበረሰቡ የተስማማበት ይጸናል፤ እውነት አይጎድልም። ክርስቶስ ተነሥቷል ወይስ አልተነሣም የሚለው ግን የሰው ስምምነት የሚፈጥረው ወይም የሚያጠፋው ነገር አይደለም። በመካከል ደግሞ ሕዝቡ የሚያደርገውና ቤተ ክርስቲያኑ የምታስተምረው የሚለያይበት አለ። ጠንቋይ ቤት የሚሄደው ክርስቲያን ምንም ያህል ቢበዛ ጥንቆላን የክርስትና ትምህርት አያደርገውም።

ከሁሉ የሚከብደውና ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ቀጣዩ ጥያቄ ነው፦ እነዚህ ብዙዎች እያንዳንዳቸው መርምረው ነው የተስማሙት ወይስ አንዱ ሌላውን ተከትሎ? ኮንዶርሴ የተባለ ፈረንሳዊ በ1785 ይህን በሒሳብ አሳይቷል። እያንዳንዳቸው ከመቶ የአዎ ወይም የአይ ጥያቄ 60ውን በትክክል የሚመልሱ 11 ሰዎች ማንም ከማንም ሳይሰማ ቢመልሱ የብዙኃኑ መልስ ከመቶ 75 ጊዜ ያህል ትክክል ይሆናል። ሰዎቹ 101 ቢሆኑ 98 ያህል ይደርሳል። ብዛት ኃይል ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የሚንቀው ሰው ይሳሳታል። ነገር ግን አሥሩ ከአንዱ ገልብጠው ከመለሱ 11 ድምፅ ቢሰማም ያለው ምስክር አንድ ነው፣ ውጤቱም ያው 60። ሦስተኛውን ሁኔታ ደግሞ ሰው ይረሳል፦ እያንዳንዱ ከመቶ 40 ብቻ የሚያውቅ ከሆነ የ11ዱ ብዙኃን ወደ 25 ይወርዳል። ባልተማሩት ጉዳይ ላይ ብዛት ስሕተትን ያጸናል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ወልድ ፍጡር ነው ብሎ ያስተማረው የአርዮስ ዘመን ነው። በ325 በኒቅያ ጉባኤ አርዮስ ሲወገዝ እስከ መጨረሻው ከእርሱ ጋር የቆዩት ጳጳሳት ሁለት ብቻ ነበሩ። በ359 ግን ከ400 የሚበልጡ የምዕራብ ጳጳሳት በጣሊያን አሪሚኑም ተሰብስበው፣ አብዛኞቹ መጀመሪያ ኒቅያን አጸኑ፤ ንጉሡ ቆስጠንጢዩስ መልእክተኞቻቸውን አስጨንቆ ካስፈረመ በኋላ እነርሱም ወደ ቤታቸው እንዳይመለሱ ስለተያዙ ከኒቅያ የሚያፈነግጠውን ቃል ፈረሙ። ሰዎቹ እነዚያው፣ ቁጥራቸውም ያው ነው፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ፊርማ መካከል የተጨመረው ማስረጃ አልነበረም፣ ግፊት እንጂ። ለኒቅያ የቆመው የእስክንድርያው ጳጳስ ቅዱስ አትናቴዎስ በዚህ ዘመን ሁሉ አምስት ጊዜ ተሰዷል። ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም፦ ያው ንጉሥ በ356 ገደማ ለአክሱሙ ኢዛናና ለወንድሙ ሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ አትናቴዎስ የሾመው ፍሬምናጦስ፣ የእኛ አባ ሰላማ፣ በእስክንድርያ በአትናቴዎስ ቦታ በተተካው ጳጳስ በጊዮርጊስ እንዲመረመር ወደ ግብጽ ይላክ ብሎ ነበር። አክሱም በጊዜው ብዙውን ብትከተል ኖሮ ዛሬ በየቅዳሴው የምንደግመው ጸሎተ ሃይማኖት ሌላ በሆነ ነበር። በጥናት ላይ ከዚህ ጋር 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 22ን አንብቡ። 400 ነቢያት ንጉሥ አክዓብ ድል እንደሚያደርግ በአንድ አፍ ሲናገሩ ነቢዩን ሚክያስን ሊጠራ የሄደው መልእክተኛ ቃሉን ከእነርሱ ጋር እንዲያስማማ ይመክረዋል፤ የ400ው ስምምነት እንዴት እንደተሠራ ቁጥር 13 ራሱ ያሳያል።

ከዚህ በተቃራኒ ዋጋው ከፍ ያለ ስምምነትም አለ፤ እርሱም የተጣሉ ሰዎች ስምምነት ነው። በ451 ከኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ እኛና ሮም ተለያየን፤ በ1054 ሮምና ቁስጥንጥንያ ተወጋገዙ፤ ከ1517 ጀምሮ ፕሮቴስታንቱ ከሮም ወጣ። እነዚህ ሁሉ አንዱ የሌላውን ስሕተት ለማግኘት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲተጉ ኖረው፣ እግዚአብሔር ሥላሴ መሆኑንና ክርስቶስ መነሣቱን ግን አልካዱም። ይህ ትምህርት ከመለያየታቸው በፊት የነበረ መሆኑን አጥብቆ ይመሰክራል። የምስክርነቱን ልክ ግን አትለፉ፤ የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ያመነችውን ያሳያል እንጂ ሙስሊሙን ጎረቤታችሁን በቁጥር የሚያሳምን ክርክር አይሆንም። ለእርሱ ስለ ትንሣኤው ምስክሮች መናገር አለባችሁ።

ዘመንን መመዘንም ያስፈልጋል። በ434 ገደማ የሌሪኑ ቪንሰንት የተባለ መነኩሴ፣ ትምህርት ሲመረመር በሁሉም ስፍራ፣ ሁልጊዜ፣ በሁሉም ዘንድ የታመነ መሆኑ ይታይ ብሎ ነበር። ቁጥር ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይነካል። እርሱም የአርዮስን ዘመን አስታውሶ፣ ስሕተት ብዙውን ሲይዝ ወደ ጥንቱ ተመለሱ ይላል። በአገራችን ታሪክ አቡነ ኤዎስጣቴዎስና ተከታዮቻቸው የቀዳሚት ሰንበትን መከበር በማስተማራቸው ተወግዘውና ተገፍተው ኖረዋል፤ ኤዎስጣቴዎስ በ1352 በስደት አርፈዋል። በ1450 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ፊት በደብረ ምጥማቅ የተደረገው ጉባኤ ያንኑ ትምህርት ተቀበለ። መጽሐፈ ሄኖክም እንዲሁ ነው። ከእኛና ከኤርትራ ቤተ ክርስቲያን በቀር ሌሎቹ፣ 66 መጻሕፍት የሚቆጥሩት ፕሮቴስታንቶችም ሆኑ 73 የሚቆጥሩት ካቶሊኮች፣ አይቀበሉትም፤ ይሁን እንጂ የይሁዳ መልእክት ቁጥር 14 ይጠቅሰዋል፣ በሙት ባሕር አጠገብ ባሉት በኩምራን ዋሻዎችም የአረማይክ ቁርጥራጮቹ ተገኝተዋል። ቁጥር ብቻ ቢሰማ መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ በግዕዝ ባልደረሰን።

ታዲያ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ትወስናለች? የሐዋርያት ሥራ 15ን ከቁጥር 6 እስከ 29 በእርሳስ እያሰመራችሁ አንብቡት። ብዙ ክርክር ተደርጓል፤ ጴጥሮስ ያየውን መስክሯል፤ በርናባስና ጳውሎስ የተደረገውን ተርከዋል፤ ያዕቆብ ከነቢዩ አሞጽ አስረድቷል፤ ከዚያ በኋላ ነው በአንድ ልብ የጻፉት። ስምምነቱ የመጣው ከማስረጃው በኋላ ነው። ስንት እጅ ተነሣ የሚል ቃል በምዕራፉ ውስጥ የለም።

ይህን በቡድን ለመሥራት ከ8 እስከ 12 ሰው፣ 90 ደቂቃ፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ቁራጭ ወረቀትና አንድ ዓይነት እስክሪብቶ ይበቃል። በድሬ ሙቀት ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት መጀመር ትርፉ ድካም ነው። 10 ደቂቃ አባባሉን በሰሌዳ መጻፍና ማጥራት። 10 ደቂቃ ሁሉም ስም ሳይጽፍ መልሱንና ምክንያቱን በወረቀት አስፍሮ ማጠፍ። 20 ደቂቃ ንባብ። 40 ደቂቃ ውይይት፣ በዕድሜ ከሚያንሰው ተጀምሮ። በመጨረሻው 10 ደቂቃ ሁለተኛው ወረቀት ይጻፋል፤ ሐሳቡን የለወጠ ሰው የትኛው ምክንያት እንደለወጠው ይጨምርበት።

የመጀመሪያው ወረቀት ከንግግር በፊት መሆኑ ግዴታ ነው። የድሬ ሰው ፊት ለፊት መናገር ይወዳል፤ ለእንዲህ ያለ ጥናት መልካም ጠባይ ነው። ነገር ግን ዲያቆኑ ወይም ፓስተሩ አንዴ ከተናገረ ደፋሩም ቃሉን ያለዝባል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰበሰበው 12 መልስ ሳይሆን የአንድ ሰው መልስ 12 ጊዜ ነው። ወረቀቶቹ ሲነጻጸሩ ብዙዎች ወደ አንድ ወገን ሄደው ምክንያት የጻፈ ግን ከሌለ ያሸነፈው ጫና ነው፤ ውይይቱ በሌላ ቀን ይደገም።

በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙ ሁለት ስሕተቶች አሉ። አንዱ ጥቅስ መርጦ መያዝ ነው። ብዛትን የሚጠላው ዘፀአት 23፥2ን፣ የሚወደው ምሳሌ 11፥14ን ብቻ ያነባል። ሁለቱንም አንድ ላይ አስነብቡ፤ አንዱ ክፉ ለማድረግ ብዙዎችን መከተልን ይከለክላል፣ ሌላው የመካሮችን መብዛት ያመሰግናል፣ አይጣረሱም። ሁለተኛውና አደገኛው «ጥቂት ስለሆንን እኛ ነን እውነተኞቹ» የሚለው ነው። ጠባቡ በር የተባለው ቃል እየተጠቀሰ አንድ ግለሰብ ትናንት ያመጣው ትምህርት ይጸድቅበታል። አርዮስም በኒቅያ ጥቂት ነበር። ጥንታዊና ሰፊ ስምምነትን የሚቃወም ሰው ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም በእርሱ ላይ ነው፤ ከእርሱ በፊት ሊቃውንቱ ለምን እንዲያ እንዳሉ በራሳቸው አነጋገር ማስረዳት ካልቻለ ገና ለመቃወም አልደረሰም።

ጥያቄው በ90 ደቂቃ ካልተፈታ እጅ አታስነሡ። የጠራውን ዓረፍተ ነገር፣ ከሁለቱም ወገን የቀረበውን ጠንካራ ምክንያትና መልስ ያላገኘውን ነጥብ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለመምህራችሁ ወይም ለንስሐ አባታችሁ ስጡ። የድምፁን ብዛት በገጹ ላይ አትጻፉ።