አንድ ሜትር ክንፍ፣ ግማሽ ኪሎ ክብደት፦ የአክሮባት ሞዴል አውሮፕላን እቤት መሥራት

ከምንም በፊት ሚዛን ግዙ። ለወጥ ቤት የሚሆን፣ በግራም የሚመዝን ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። የመጀመሪያዋን አውሮፕላኔን ሳልመዝን ነው ያበረርኳት። ሉፕ (ሽቅብ ወጥቶ በጀርባ ዞሮ የሚመለስ ክብ) ልሠራባት ስስባት አናት ላይ እንደደረሰች ፍጥነት አለቀባት፣ ክንፏ አየር መያዝ አቃተው፣ ወደቀች። ስብርባሪዋን ለቅሜ ቤት ስመዝነው 720 ግራም ሆነ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የምጽፈው የክብደቱን ሒሳብ ነው።

ይቺኛዋ ክንፏ ከጫፍ ጫፍ 1 ሜትር፣ ወርዱ 25 ሳንቲሜትር ነው። ጠቅላላ ክብደቷ ከ500 ግራም አይለፍ። አካሏ ከነክንፏና ከነጭራዋ 170፣ ሞተሩ 55፣ የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ስፒድ ኮንትሮለር 25፣ ተጣጣፊ ክፍሎቹን የሚያንቀሳቅሱት አራት ባለ 9 ግራም ሰርቮ 36፣ ባትሪው 110፣ ፕሮፔለሩ፣ የሬዲዮ መቆጣጠሪያውን ትእዛዝ የሚቀበለው ሪሲቨርና ሽቦው ሁሉ ተደምሮ 60። 456 መጣ። የቀረው 44 ግራም ለሙጫና ለስኮች ነው፤ ሙጫ ደግሞ ሳይታወቃችሁ ነው የሚከብደው።

አዲስ አበባ ላይ ያላችሁ ይሄን ነገር የበለጠ ልብ በሉት። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ያቺው አውሮፕላን አየር ላይ ለመቆየት ከ10 በመቶ በላይ ተጨማሪ ፍጥነት ትፈልጋለች። የነዳጅ ሞተር ቢሆን ጉልበቱም አብሮ ይወርድ ነበር። ኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም። የሚቸገረው ፕሮፔለሩ ነው፣ የሚገፋው አየር ስለሚያንሰው።

ሞተሩ 2212 የሚባለው፣ 1000 ኬቪ (በአንድ ቮልት በደቂቃ 1000 ዙር) ይሁን። ባትሪው ባለ 3 ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር)፣ 1300 ሚሊአምፔር-ሰዓት፤ ስፒድ ኮንትሮለሩ 30 አምፔር። ፕሮፔለሩ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ 10 በ4.7 (ዲያሜትሩና በአንድ ዙር የሚሄደው ርቀት፣ በኢንች) ይበቃል፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ 11 በ4.7 ሞክሩ። ሰፊው ፕሮፔለር ብዙ ኃይል ስለሚስብ ግን በዋትሜትር ለክታችሁ አምፔሩ ሞተሩ ከሚችለው እንዳያልፍ አረጋግጡ። ለአክሮባት በኪሎ 300 ዋት ያህል ያስፈልጋል፣ ለኛዋ 150 ዋት ማለት ነው። ግፊቱን በሻንጣ ሚዛን ለኩት፤ ጭራዋ ላይ ገመድ አስራችሁ ሚዛኑን አንድ ሰው ይያዝና ሞተሩን ክፈቱ። ከ750 ግራም በታች ካነበባችሁ ክብደት መቀነስ አለባችሁ።

ንድፉ ላይ አንድ ነገር ያዙ፦ አክሮባት የምትሠራ አውሮፕላን ላይና ታቿ አንድ መሆን አለበት። የመለማመጃ አውሮፕላን ክንፍ ከላይ ጎበጥ፣ ከታች ጠፍጣፋ ስለሆነ ስትገለብጡት ይታገላችኋል። የኛ ክንፍ ባለ 5 ሚሊሜትር ጠፍጣፋ ፎም ነው። ክንፉን አካሉ መሃል ላይ አስገቡት። ክንፉና የጭራው አግድም ክፍል ከጎን ሲታዩ ፍጹም ትይዩ ይሁኑ። ሞተሩን ብቻ 2 ዲግሪ ገደማ ወደ ቀኝ አዙሩት። አይለሮኑ (አውሮፕላኗን ወደ ጎን የሚያንከባልላት፣ ከክንፉ ኋላ ያለው ተጣጣፊ ክፍል) በክንፉ ርዝመት ልክ ይሂድ፣ ወርዱ 6 ሳንቲሜትር። የጭራው አግድም ክፍል የክንፉን ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል ይሁን፣ ግማሹ ኤሌቬተር (አፍንጫዋን ሽቅብና ቁልቁል የሚያዞረው ተጣጣፊ ክፍል)።

ፎም ቦርዱን የአርክቴክቸር ተማሪዎች ለሞዴል ሥራ ከሚገዙበት ሱቅ ፈልጉ። የሚከብደው ላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ስለሆነ በእርጥብ ጨርቅ አርሱትና ቀስ ብላችሁ ላጡት። ያን ጊዜ ፎሙ ይልፈሰፈሳል፤ ከክንፉ የፊት ጠርዝ 7 ሳንቲሜትር ገባ ብላችሁ ባለ 3 ሚሊሜትር የካርቦን ዘንግ ቅበሩበት፣ ካጣችሁ በቀጭኑ የተሰነጠቀ ቀርከሃም ያገለግላል። ተራ ሱፐር ግሉ አጠገቡ እንዳይደርስ። ፎሙን ይበላዋል፣ ጠብታዋ ያረፈችበት ቦታ ቀዳዳ ነው የምታገኙት።

ማጠፊያው ላይ ጊዜ ውሰዱ። አይለሮኑን ከክንፉ ከለያችሁ በኋላ የፊት ጠርዙን በአዲስ ምላጭ 45 ዲግሪ አጋድማችሁ ቁረጡት፣ ተዳፋቱ ከታች በኩል ይሁን። አሮጌ ምላጭ ፎሙን ይቦጭቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። ሁለቱን አጋጥማችሁ፣ በመሃላቸው የአንድ ወረቀት ያህል ክፍተት ትታችሁ፣ ከላይ ስኮች ለጥፉ። ከዚያ አይለሮኑን ክንፉ ላይ እስኪተኛ ወደ ላይ እጠፉትና በተከፈተው በኩል ሁለተኛ ስኮች ከውስጥ አስገቡ። አሁን ክንፉን በሁለት ጣት ያዙት፤ አይለሮኑ በራሱ ክብደት ወደ ታች መውደቅ አለበት። ከገተረ ሰርቮው ሁልጊዜ ይታገላል፣ አውሮፕላኗም መሃል ላይ አትረጋም።

ሊፖውን በ1.3 አምፔር ቻርጅ አድርጉ፣ አጠገቡም ሁኑ። ሴሉ ከ3.5 ቮልት በታች እንዳይወርድ፤ ስታስቀምጡት 3.8 ላይ ተዉት። ያበጠ ባትሪ ዳግም አትጠቀሙ፣ እሳት ነው።

ፈቃድ እንደየአገሩ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ሞዴሉ 250 ግራም ከሞላ ኤፍኤኤ (የአገሩ የአቪዬሽን ባለሥልጣን) ጋ መመዝገብ፣ ክብደቱ ምንም ቢሆን ደግሞ ትረስት የሚባለውን ነፃ ፈተና መውሰድ አለባችሁ። ኢትዮጵያ ያላችሁ ዕቃውን ከማስገባታችሁም ከማብረራችሁም በፊት የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ።

ለመጀመሪያ በረራ ሚዛኗ ከክንፉ የፊት ጠርዝ 7 ሳንቲሜትር ላይ ይሁን፤ ሁለት ጣታችሁን እዚያ ደግፋችሁ ቀጥ ብላ መቆም አለባት። ካልቆመች እርሳስ አትጨምሩ፣ ባትሪውን አንቀሳቅሱ። የአይለሮንና የኤሌቬተሩን እንቅስቃሴ 15 ዲግሪ አድርጉት፣ ኤክስፖ (የመቆጣጠሪያው ዘንግ መሃል አካባቢ ሲነካ ምላሹን የሚያለዝበው) 30 በመቶ።

ከፍ ስትሉ 45 ዲግሪ ሽቅብ ውጡ፣ ገልብጧትና ኤሌቬተሩን ልቀቁት። ቀጥ ብላ ሄዳ ቀስ በቀስ ብቻ ካዘቀዘቀች ጥሩ ነው። ወዲያው አፍንጫዋን ወደ መሬት ከደፋች አሳርፏትና ባትሪውን 1 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ግፉት። ሽቅብ መንጠልጠል ካበዛች ወደ ፊት መልሱት። ልኩን ስታገኙ ባትሪው ያለበትን ቦታ ፎሙ ላይ በእስክሪብቶ አስምሩበት።