አካል ጉዳተኛ ጎረቤት በእድር ሙሉ አባል እንዲሆን

በብዙ እድር አካል ጉዳተኛ ጎረቤት «እሱን እንኳ ተዉት» ተብሎ ከመዋጮም ከሥራም ነፃ ይደረጋል። ለደግነት ነው። ግን ያልከፈለና ያልሠራ ሰው በስብሰባ ላይ ቢናገር ማን ይሰማዋል? መጀመሪያ መተዳደሪያ ደንቡን አስተካክሉ፤ መዋጮው እንደ ማንኛውም አባል ይሁን፣ ሥራው ብቻ ይቀየር። ድንኳን መትከል የማይችል የወጣውን ወንበርና ብርጭቆ ይመዝግብ፣ ስም ይጥራ፣ ገንዘብ ይያዝ። የሚችለውን ራሱን ጠይቁት እንጂ አብሮት የመጣውን ሰው አትጠይቁ።

ጥሩምባ መስማት ለተሳነው አይደርስም፤ በቀረ ቁጥር ግን ቅጣት ይቆለልበታል። ስለዚህ ጥሩምባው ሲነፋ ጸሐፊው የሟችን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት በስልክ መልእክት ይላክ። ስልክ ለሌለው አባል ጎረቤት ይመደብለት፤ በር አንኳኩቶ የሚመለስ ሳይሆን ገብቶ የሚነግር።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነው የስብሰባ አዳራሹ ራምፕ (ተሽከርካሪ ወንበር በደረጃ ፈንታ የሚወጣበት ተዳፋት) ላይ ነው። ልኩ 1 ለ 12 ነው፤ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላለው አንድ ደረጃ 1.80 ሜትር፣ ለሁለት ደረጃ 3.60 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ግንበኛው ሲሚንቶ ለመቆጠብ አንድ ሜትር ላይ ከቆረጠው ባለ ተሽከርካሪ ወንበሩ ወይ ወደ ኋላ ይገለበጣል ወይ ሰው ይሸከመዋል። ወርዱ ከ90 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ ጎማ እንዳያመልጥ ግራና ቀኙ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ጠርዝ ይሠራ። በሩ ፊት 1.50 በ1.50 ሜትር ለጥ ያለ ቦታ ተዉ፤ ያለዚያ ሰውየው በሩን ሲስብ ወንበሩ ቁልቁል ይንሸራተታል። ሲሚንቶው ሳይደርቅ ፊቱ በመጥረጊያ ይሻከር፤ ልሙጡ በክረምት ያንሸራትታል። ራምፑ ግርጌ ጠጠር አታፍስሱ፤ ትንንሾቹ የፊት ጎማዎች ይሰምጡበታል። መጸዳጃ ቤቱም በዚሁ ልክ ይታይ፤ እሱ ከተረሳ ሰውየው ስብሰባው ሳያልቅ ይወጣል። አዳራሹ የወረዳው ከሆነ የሕንፃ አዋጁን ጠቅሳችሁ ጠይቁ፤ የሕዝብ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆን ያዛል።

ድንኳን ሲተከል የመግቢያው በኩል ከገመድና ካስማ ነፃ ይሁን፤ ማየት የተሳነውን ሰው ብዙ ጊዜ የሚጥለው እሱ ነው። አግዳሚ ወንበር ስትደረድሩ ለተሽከርካሪ ወንበር የ90 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ፣ እሱም መሃል እንጂ ከኋላ ጥግ አይሁን። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ካለ ከተናጋሪው አጠገብ ይቁም፤ መስኮት ከጀርባው ከሆነ እጁ አይታይም። ድምፅ በእጅ ሲሰጥ ቆጠራው ጮክ ተብሎ ይነገር፤ ማየት የተሳነው አባል መዋጮ ሲከፍልም ደረሰኙ ላይ የተጻፈው ብር እዚያው ይነበብለት።