የዱሩ ባሲለስ ዲኤንኤ እንዲቀበል ያደረግሁበት መንገድ

የባክቴሪያው የባሲለስ ሰብቲሊስ የዱር ዝርያ፣ 3610፣ ከውጭ የሰጠሁትን ዲኤንኤ አልቀበል አለ። በዚያው የማሳደጊያ መረቅ ያደገው የላቦራቶሪ ዝርያ 168 ግን ዲኤንኤውን ተቀብሎ አንቲባዮቲክ ባለበት ሳህን ላይ ኮሎኒ አወጣ። ስለዚህ ዲኤንኤውንም መረቁንም መጠርጠር ተውኩ።

ቀጥሎ ኮምኬ የተባለውን ፕሮቲን አሰብኩ። ዲኤንኤ መቀበያ ጂኖቹን የሚያስነሳው እሱ ነው፤ በተለመደው ጊዜ ሜክኤ የተባለ ሌላ ፕሮቲን ለመሰባበር አሳልፎ ይሰጠዋል፣ ሕዋሳቱ ሲበዙና ሲራቡ ደግሞ ኮምኤስ የተባለ ትንሽ ፕሮቲን ያድነዋል። (አንድ ዓይነት ጂኖም ይዘው ጥቂቶቹ ሕዋሳት ብቻ ለመቀበል መዘጋጀታቸው ሁሌም ይደንቀኛል።) ግን ኮምኬ በ3610ም አለ።

መሰናክሉ 168 ያጣው ፕላዝሚድ (ከክሮሞዞሙ የተለየ የዲኤንኤ ቀለበት)፣ ፒቢኤስ32 ላይ ነበር። በላዩ ያለው ኮምአይ የተባለ ጂን 30 አሚኖ አሲድ ብቻ ያላት የሽፋን ፕሮቲን ያሠራል፤ ዲኤንኤ እንዳይገባ የምታግደው እሷ ናት።

ፕላዝሚዱን ማጥፋት አልፈለግሁም፤ የዱሩን ዝርያ የመረጥኩት ከነሙሉ ጂኖሙ ነውና። በኮምአይ 12ኛ ቦታ ላይ ግሉታሚን በሉሲን የተተካበትን 3610 ወሰድኩ፤ ሌላውን አሠራር ምንም ሳልቀይር ኮሎኒዎቹ ወጡ። ይህ ዝርያ የሌለው ሰው በ3610 ክሮሞዞም ላይ የሚፈልገውን የጂን ለውጥ መጀመሪያ 168 ውስጥ ሠርቶ በኤስፒፒ1 ፋጅ (ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ) ወደ 3610 ማሻገር ይችላል።