ነክቶ የሚሄደው ትራውት፦ የበረዶ ላይ ዘንግ ችግርና መፍትሄ

በካናዳው ግሬት ቤር ሐይቅ በ1995 በዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የተያዘው ሌክ ትራውት የተባለ የቀዝቃዛ ሐይቅ ዓሣ 72 ፓውንድ ይመዝን ነበር። ወደ 33 ኪሎ ማለት ነው። ይህን የሰማ ጀማሪ ዘንግ ሊገዛ ሲሄድ ዓይኑ የሚያርፈው ከሁሉም ወፍራሙ ላይ ነው። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። መጥረጊያ እንጨት የመሰለ ዘንግ ይዤ፣ በረዶ የሆነ ሐይቅ ላይ ቀዳዳ ሰርስሬ ዓሣ ላጠምድ ወጣሁ። በአንድ ጠዋት ሦስት ዓሣ ያዝኩና ሦስቱም አመለጡኝ።

ቆይቶ የገባኝ ነገር አለ። ዘንግ የሚመረጠው በሕልማችን ባለው ዓሣ ክብደት አይደለም። ክሩ ጫፍ ላይ በምናንጠለጥለው ማባበያ ክብደትና በሚወርድበት ጥልቀት ነው። ትልቁን ዓሣ የሚያደክመው የሪሉ (የክር መጠቅለያው) ፍሬን፣ ማለትም ዓሣው ሲጎትት ክሩን እየያዘ የሚለቀው ክፍል ነው፤ የዘንጉ ውፍረት አይደለም። ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ይህን ከመሳት የሚመጡ ናቸው።

ይነካል፣ እስባለሁ፣ ባዶ ነው

የዘንጉ ጫፍ ጠብ ይላል። ሳብ ታደርጋላችሁ። ምንም የለም። ብዙ ሰው «ዛሬ አልራበውም» ብሎ ያልፈዋል።

መጀመሪያ ክሩን እዩ። ሞኖፊላመንት (ያልተገመደ ነጠላ የፕላስቲክ ክር) ከሆነ የችግሩ ግማሽ እዚያ ነው። ሞኖፊላመንት እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። 5 ሜትር ላይ ብዙም አይታወቅም። 30 ሜትር ላይ ግን እናንተ ከላይ ስትስቡ መንጠቆው ገና ወሬውም አልደረሰውም። ቀጥሎ ዘንጉን እዩ። ለትንንሽ ዓሣ የተሠራ፣ ከ60 እስከ 70 ሴንቲሜትር የሆነ ለስላሳ ዘንግ ከሆነ ስትስቡት እሱ ይጎብጣል እንጂ መንጠቆው አይገባም።

መፍትሄው የማይለጠጥ የተገመደ ክር ነው፤ 20 ፓውንድ የሚችል ይበቃል። ከጫፉ 2 ወይም 3 ሜትር የሚሆን 12 ፓውንድ የሚችል ፍሎሮካርቦን የሚባል ክር ቀጥሉበት። ፍሎሮካርቦን ውሃ ውስጥ ብዙም አይታይም፣ መፋተግንም ይችላል። ዘንጉ ከ90 እስከ 105 ሴንቲሜትር ይሁን። ላዩ ላይ «ሚዲየም ሄቪ» እና «ፋስት» የሚሉ ጽሑፎችን ፈልጉ። የመጀመሪያው ጥንካሬውን ይናገራል። ሁለተኛው የሚጎብጠው በላይኛው ሲሶው በኩል መሆኑን ይናገራል። ርዝመቱ ትርፍ ጌጥ አይደለም። አንድ ጊዜ ቀና ስታደርጉት ብዙ ክር የሚስብላችሁ እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ዘንግ ብትቀይሩም አይለቃችሁም። ሌክ ትራውት ብዙ ጊዜ ከታች መጥቶ ይነክስና ወደ ላይ መውጣቱን ይቀጥላል። ያኔ የማባበያው ክብደት ከእጃችሁ ድንገት ይጠፋል። ክሩ የተበጠሰ ይመስላል። አልተበጠሰም፤ ነክሶላችኋል። ዘንጉን ለመሳብ አትቸኩሉ። ክብደቱ እስኪሰማችሁ ድረስ ሪሉን በፍጥነት ጠቅልሉ፣ ከዚያ ሳብ።

ይያዛል፣ ግን መሃል መንገድ ላይ ይወልቃል

የእኔ በሽታ ይህ ነበር። ሌክ ትራውት ሲያዝ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ይንጣል፣ ይንከባለላል። የተገመደ ክር አይለጠጥም። ዘንጉም አልጎብጥ ካለ ያ ሁሉ ንጠት የሚያርፈው መንጠቆው አፉ ላይ በበሳት ትንሽ ቀዳዳ ላይ ነው። ቀዳዳዋ ትሰፋለች። ዓሣው አንድ ጊዜ ዞር ሲል ክሩ ይረግባል፣ መንጠቆውም ውልቅ ይላል። የማይለጠጥ ክር የያዘ ሰው የሚጎብጥ ዘንግ ያስፈልገዋል። ሁለቱም ግትር ከሆኑ ማንም ዓሣውን አይይዘውም።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ቀላል ፈተና አለ። ባለ 1 ሊትር የውሃ ጠርሙስ ሙሉና ክሩ ላይ እሰሩት። ዘንጉን አግድም ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አንሱ። ደህና ዘንግ መጀመሪያ ጫፉ ይወርዳል። ከዚያ ጉብጠቱ ወደ ወገቡ ይመጣና እዚያ ይቆማል፤ ከእጀታው በላይ ያለው ክፍል ቀጥ እንዳለ ይቀራል። ጫፉ ብቻ ነቅነቅ ብሎ የቀረው ግትር ካለ ለዚህ ሥራ አይሆንም። እስከ እጀታው ድረስ ከተጠማዘዘ ደግሞ ለትንንሽ ዓሣ አስቀምጡት።

ፍሬኑንም በጠርሙስ ፈትሹ። የተለመደው ስሌት በጣም ደካማው ክር ከሚችለው ሩብ ያህሉ ነው። 12 ፓውንድ ወደ 5.4 ኪሎ ነው፤ ሩቡ 1.4 አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ ውሃ የሞላ ባለ 1 ሊትር ተኩል ጠርሙስ ልታነሱ ስትሞክሩ ሪሉ ክር መልቀቅ አለበት። ሳይለቅ ጠርሙሱ ከተነሳ ጠብቋል። በረዶው ላይ ከደረሳችሁ በኋላም ደግማችሁ በእጃችሁ ሳብ አድርጋችሁ እዩት፤ ብርድ ቅባቱን ያወፍረዋል።

ማባበያው አይሰማኝም

ወለሉን እንደነካ አታውቁም፣ ስታንቀጠቅጡትም ምን እየሠራ እንደሆነ አይገባችሁም። ምክንያቱ ዘንጉ ለማባበያው ከብዶታል። ለሌክ ትራውት የተለመደው ማባበያ ከ15 እስከ 30 ግራም ነው። ከጫፉ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጋችሁ አንጠልጥሉት። ጫፉ በትንሹ ጎንበስ ካለ ተጣጥመዋል። ምንም ካልመሰለው ወይ ማባበያውን አክብዱ፣ ወይ ዘንጉን አቅልሉ። ወዲያው አጎንብሶ ከቀረ ደግሞ ማባበያውን ስታነሱት አይታዘዝላችሁም። ጫፉ ብቻ እየተወዛወዘ ማባበያው ታች ተኝቶ ይቀራል።

ይከተላል፣ አይነክስም

ሶናር (ከበረዶው በታች ያለውን ዓሣ በስክሪን ላይ እንደ መስመር የሚያሳይ መሣሪያ) ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። መስመሩ ከታች ይነሳል፣ ማባበያው አጠገብ ይደርሳል፣ ከዚያ ይቆማል። ልብ ያቆማል።

በበጋ ሌክ ትራውት ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። ከበረዶ በታች ግን ውሃው ከላይ 0 ዲግሪ አካባቢ፣ ከታች 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከላይ እስከ ታች ለእሱ ይመቸዋል። ስለዚህ ወለሉ ላይ ያያችሁት ዓሣ እስከ በረዶው ሥር ድረስ ሊያባርር ይችላል። እሱ የሚፈልገው የሚሸሽ ነገር ነው። ማባበያውን ባለበት ማንቀጥቀጥ ከቀጠላችሁ ይሰለቻል። ሪሉን ጠቅልሉ፣ አታቁሙ። ከተከተለ ፍጥነት ጨምሩ።

ዘንጉ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ይህን ቀኑን ሙሉ ማድረግ አለባችሁ። ከፊት የሚከብድ ዘንግ ከሁለት ሰዓት በኋላ እጅ ያዝላል፤ የደከመ እጅ ደግሞ ማባበያውን ያቆመዋል። ሪሉን ገጥማችሁ ዘንጉን በአንድ ጣት ላይ ሚዛን አስጠብቁት። ጣታችሁ ሪሉ አጠገብ ካረፈ ጥሩ ነው። ሪሉ የመጠን ቁጥሩ 2500 አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። በጣም ትንሹ አንዴ ሲዞር የሚስበው ክር ጥቂት ነው፤ ዓሣው ይቀድማችኋል።

ክሩ በረዶው አፍ ላይ ይበጠሳል

ዓሣው ቀዳዳው ሥር ደርሷል። አንዳንዴ ከውሃው አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። አትደንግጡ፣ ሌክ ትራውት ከጥልቅ ሲወጣ ሆዱ ውስጥ ባለው የአየር ከረጢት ያለውን አየር በአፉ ማስወጣት ይችላል። ያየን ጊዜ ግን እሱ ይበረግጋል፣ ክሩም በበረዶው ጠርዝ ላይ ይፋተጋል። አጭር ዘንግ ከሆነ ክሩን ከጠርዙ ማራቅ አትችሉም። በረጅሙ ግን ጫፉን ወደ ቀዳዳው ዝቅ አድርጋችሁ፣ ካስፈለገም ውሃው ውስጥ ነክራችሁ ክሩን መሃል ላይ ታቆሙታላችሁ። ቀዳዳው ከ20 ሴንቲሜትር ባይጠብ ጥሩ ነው፤ 25 ቢሆን ይሻላል። የታችኛው ጠርዝ ስለታም እንዳይሆን መሰርሰሪያውን እያሽከረከራችሁ ሁለት ሦስቴ አውጡት፣ አውርዱት።

ዘንጉ ቀጭ አለ

ዓሣው ቀዳዳው ሥር ሳለ ዘንጉን ወደ ሰማይ ካቀናችሁት ሸክሙ ሁሉ ወደ ቀጭኑ ጫፍ ይሄዳል። ብዙ ዘንግ የሚሰበረው እንዲህ ነው። ዝቅ አድርጉት፣ ወገቡ ይሸከም። ከግራፋይት (ከካርቦን ቃጫ) የተሠራ ዘንግ ስሜት ያስተላልፋል፣ ግን ከብረት ጋር ተጋጭቶ ጭረት ካገኘ ቂም ይይዛል፤ አንድ ቀን ያለ ምክንያት ይከዳል። ከፋይበርግላስ (ከመስታወት ቃጫ) የተሠራው ይከብዳል፣ ስሜቱም ደብዛዛ ነው፣ ግን እንግልት ይችላል። ዕቃ በበረዶ ተሽከርካሪ ላይ ወርውሮ የሚሄድ ሰው ፋይበርግላስ ቢይዝ ይሻለዋል።

ቀለበቶቹ በበረዶ ተደፍነዋል

የተገመደ ክር ውሃ ይዞ ይወጣል። ውሃው ክሩ በሚያልፍባቸው የዘንጉ ቀለበቶች ላይ ይቀራል፣ በረዶ ይሆናል። ትንሽ እንደ ጤፍ የምታክል የበረዶ ፍሬ ክሩን ትገታዋለች፤ ፍሬኑ ያልለቀቀ ይመስላችኋል። ስትገዙ ሰፋ ያሉ ቀለበቶች ያሉትን ምረጡ፣ በተለይ የጫፉን። በጥፍር ወይም በጥርስ አትፈልቅቁት፤ የውስጡ ሽፋን ይሰነጠቅና ክሩን ይበላዋል። ጫፉን ቀዳዳው ውስጥ ነክራችሁ ጥቂት ቆዩ፣ ይለቃል። ድንኳን ውስጥ ማሞቂያ ካላችሁ ችግሩ ጨርሶ የለም። ግን ድንኳኑ ጠባብ ከሆነ 105 ሴንቲሜትሩ ጣሪያውን ይነካል፤ 80 ወይም 90 የሆነ ምረጡ።

ክሩ እየተጣመመ ከሆነ ማባበያው እየተሽከረከረ ነው። ክሩና ፍሎሮካርቦኑ የሚገናኙበት ላይ ተሽከርካሪ ማያያዣ አስገቡ፣ ያበቃል።

ዘንጉ የለም

ሻይ ልትቀዱ ዞር አላችሁ። ስትመለሱ ባልዲው አለ፣ ዘንጉ የለም። ምክንያቱ ፍሬኑ ጠብቆ ዘንጉ ባልዲ ላይ ተደግፎ መተው ነው። ሌክ ትራውት ዘንግን በ20 ሴንቲሜትር ቀዳዳ ይዞ ለመውረድ ጊዜ አይፈጅበትም። ዘንግ ስታስቀምጡ ፍሬኑን ክር እስኪፈስ ድረስ አላሉት፣ ወይም በቀዳዳው ላይ ተጋድሞ በሚቆም መያዣ ላይ እሰሩት። ያ መጥረጊያ እንጨቴ የሄደው እንዲህ ነው። በማግስቱ ቀለል ያለ ገዛሁ።