ለሚያዞራቸው አዛውንት በስልክ ምት የሚሠራ የቤት ልምምድ፦ እንዴት እንደሚሠራ

መጀመሪያ ምርመራ። ማዞሩ ድንገት መጥቶ አፍ ከተጣመመ፣ ንግግር ከተሳሰረ፣ በአንድ ወገን እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ወይም ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው። አልጋ ላይ ሲገላበጡ ብቻ ለጥቂት ሰከንድ የሚያዞር ከሆነም ሕክምናው ሌላ ነው፤ ባለሙያ ራሳቸውን በተወሰነ አቅጣጫ እያዞረ ያስተካክለዋል። ይህ ልምምድ የውስጥ ጆሯቸው ሚዛን መዳከሙን ሐኪም ለነገራቸው ነው።

የሚያስፈልገው ሜትሮኖም የሚባለው ምት የሚመታ አፕ ያለበት ስልክ፣ የማይነቃነቅ ወንበርና ነጭ ወረቀት ነው። ላዩ ላይ ቆመው የቴሌቪዥን ጌም የሚጫወቱበትን ሰሌዳ አይግዙ፤ መያዣ ስለሌለው መውደቅ ለሚያሰጋው ሰው ራሱ አደጋ ነው።

ወረቀቱ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር የሚሆን «መ» በጥቁር ጽፈው፣ ከተቀመጡበት 1 ሜትር ርቆ በዓይናቸው ትክክል ይለጥፉት። ግድግዳው በጋዜጣ የተለበጠ ከሆነ አንሶላ ይጋርዱበት፤ ዝንጉርጉር ነገር ማዞር ያባብሳል። የስልኩን ጥሪ ይዝጉ። ስልክ ሲጮህ ዘወር ብለው ሊያነሱ ሲሉ የሚወድቁ አሉ።

ከባዱ ፍጥነቱን ማግኘት ነው። በደቂቃ 60 ምት ላይ ይጀምሩ። ዓይን «መ» ላይ ተተክሎ ራስ ብቻ በአንዱ ምት ወደ ቀኝ፣ በሚቀጥለው ወደ ግራ ይዞራል፤ በየጎኑ 20 ዲግሪ ያህል ይበቃል። ፊደሉ ከደበዘዘ ወይም ከዘለለ ፈጥኗልና 5 ምት ይቀንሱ። ጥርት ብሎ እየታየ ምንም ካላዞራቸው 5 ይጨምሩ። አንጎል የሚማረው ዓይን ከራስ ጋር ለጥቂት ሲሳሳት ነው፤ ስሕተት ከሌለ የሚያርመው የለውም። ስለዚህ «አዞረኝ» ባሉ ቁጥር አዝኖ ማስቆም ልፋቱን ከንቱ ያደርገዋል። መጠነኛ ማዞር ይጠበቃል፤ ግን በ20 ደቂቃ ውስጥ ካልበረደ ቀጣዩን ዙር ያቅልሉ። አንገት ካመማቸው ያቁሙ።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ትከሻ አብሮ ሲዞር ነው። የደብረ ብርሃንና የመንዝ ብርድ ጋቢ ቢያስመኝም በጋቢ የተጠቀለለ ሰው አንገቱን ለብቻ አያዞርም፤ ሹራብ ያልብሷቸው። ሲቆሙ ደግሞ ጋቢው ይብሳል፦ እጅ ከውስጥ ስለሆነ ወንበር ለመያዝ አይደርስም።

በቀን 3 ጊዜ፣ አንድ አንድ ደቂቃ። በጾም ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት አያሠሯቸው፤ የባዶ ሆድ ማዞር ከጆሮው ማዞር ጋር ይምታታል።

ተቀምጠው ከለመዱ በኋላ ይቁሙ። ጀርባቸው ለግድግዳ ማዕዘን፣ የወንበር መደገፊያ ከፊታቸው፣ እርስዎ ከጎናቸው። እግር ገጥሞ 30 ሰከንድ፤ ቀጥሎ አንዱን እግር ግማሽ ወደ ፊት፤ መጨረሻ የፊተኛው እግር ተረከዝ ከኋለኛው እግር ጣት ገጥሞ። ካልሲ ብቻና ነጠላ ጫማ ክልክል ነው። ይህን ሳይያዙ ከቻሉ ባና አራት አጥፈው ከእግራቸው ሥር ያንጥፉ፤ ሲሚንቶ ላይ ግን ስለሚንሸራተት ዳርና ዳሩን በክብደት ያስይዙት። ዓይን ጨፍኖ መቆም ሌላ ሰው በሌለበት አይሞከርም።