የትዝታ ዘፈኖቻችሁን ስትሰበስቡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ደብረ ብርሃን ላይ የድሮ ካሴት ወደ ፍላሽ እገለብጣለሁ። ከመንዝም፣ ከአንኮበርም፣ ከሸዋ ሮቢትም ሰው ካሴቱን በፌስታል ቋጥሮ ይመጣል። የሚፈልገው የዕድሜውን ዘፈኖች አንድ ቦታ ሰብስቦ፣ ሲፈልግ ከፍቶ መስማት ነው። ሥራውን እወደዋለሁ። ግን ሰው ሁሉ በአንድ ዓይነት መንገድ ሲሳሳት ማየት ስለሰለቸኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ "ያው ነው" ማለት ነው። ሰውየው የሚያስታውሰው አንድ የተወሰነ ቅጂ ነው። እሱን ፈልጎ ሲያጣ ሌላ ያገኝና "ያው ነው፣ እንዲያውም ይኼኛው ጥራት አለው" ብሎ ያስገባዋል። ያው አይደለም! ትዝታን መሐሙድ አህመድ ዘፍኖታል፣ በዛወርቅ አስፋው ዘፍናዋለች፣ አስቴር አወቀም ዘፍናዋለች። ቅኝቱ አንድ ነው፤ ግጥሙ፣ አጀማመሩ፣ የድምፁ አወራረድ ግን ለየቅል ነው። አባታችሁ ማታ ማታ የሚሰሙት የመሐሙድን ከሆነ፣ የሌላ ሰው ስታስገቡ የሌላ ሰው ቤት ነው የምትገቡት። ዘፋኙ አንድ ሆኖም ቅጂው ሊለያይ ይችላል። በሙሉ ባንድ የተቀዳውን ዘፈን ያው ዘፋኝ ከዓመታት በኋላ በኪቦርድ ደግሞት ታገኙታላችሁ። አንዲት እናት ከመሐል ሜዳ መጥተው የወንድማቸውን ሠርግ ዘፈን ፈለግንላቸው። ኢንተርኔት ላይ ያገኘነውን ሁሉ ከፈትኩላቸው፣ ገና መግቢያውን ሲሰሙ "አይ ልጄ፣ እሱ አይደለም" ይላሉ። ዘፋኙ ያው፣ ግጥሙ ያው። በመጨረሻ ከራሳቸው ፌስታል ውስጥ፣ ወረቀቱ ከተቀደደ ካሴት ላይ ተገኘ። የሚያውቁት ሳክስፎን ሲገባ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ስለዚህ መግቢያውን ሳትሰሙ አታስገቡ። ካላገኛችሁትም ቦታውን ክፍት ተዉት፤ አንድ ቀን ይገኛል።

ካሴት ካላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ለዓመታት ያልተነካውን አውጥታችሁ ቀጥታ ቴፕ ውስጥ አትክተቱ። ቴፑ ይበላዋል። መጀመሪያ በእስክሪብቶ ቀስ ብላችሁ አጠንጥኑት። እንቢ ካለ አታስገድዱት። ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ካያችሁም አታጫውቱት፣ ለሚያውቅ ሰው ስጡት። በእኛ አገር ብርድና እርጥበት ሣጥን ሥር የከረመ ካሴት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ሌላው፣ ዘፈኑን ሰብስቦ ትዝታውን አለመጻፍ ነው። "አልረሳውም" ትላላችሁ። ትረሱታላችሁ፤ ባትረሱት እንኳ ልጆቻችሁ ከየት ያውቁታል? ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ክፈቱና ከእያንዳንዱ ዘፈን ሥር ሁለት መስመር ጻፉ፦ የት፣ ከማን ጋር፣ መቼ። "ደስ የሚል ጊዜ ነበር" ብላችሁ ግን አትጻፉ፤ እሱ ለማንም አይሆንም። "ጣርማ በር ላይ ጉም ወርዶ መኪናው ሲቆም ሾፌሩ የከፈተው፣ አክስቴ አጠገቤ ነበረች" ብላችሁ ጻፉ። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር አድርጉት። ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ዕለት ነው፤ ኢንተርኔት ላይ 2009 ተብሎ ነው የምታገኙት። ሁለቱን እያቀላቀለ የራሱን ሠርግ ልጁ ከተወለደ በኋላ ያደረገ ሰው አጋጥሞኛል።

አምስት መቶ ዘፈን አትሙሉ። ያ የሙዚቃ ቤት ፍላሽ ነው እንጂ የእናንተ ትዝታ አይደለም።

ፍለጋ ላይ አንድ ጊዜ ጽፋችሁ አጣሁት ብላችሁ አትተዉ። "ፀሐይ"ን "ጸሀይ" ብሎ የጫነ አለ፣ በላቲን ፊደል የጫነው ደግሞ እንደመሰለው ነው የሚጽፈው። "የድሮ ምርጥ ዘፈን" የሚል ርዕስ ብቻ ሰጥቶት የሄደም አለ። እየቀያየራችሁ ሞክሩ። ስታገኙት አውርዱት፤ ቻናሉ ሲዘጋ ዘፈኑም ይጠፋል፣ ኔትወርክ የሌለበት መንገድ ላይም ዩቲዩብ አይረዳችሁም።

ሁሉንም አንድ ላይ ቀላቅሎ፣ ያለ ተራ የሚያጫውተውን ማዘበራረቂያ (ሻፍል) መጫንም ጥፋት ነው። አንድ ልጅ የእህቱ መልስ ላይ የቤተሰቡን ዝርዝር ከፍቶ፣ ሰው እየጨፈረ ሳለ ሟች አባታቸው ይወዱት የነበረው እንጉርጉሮ መጣ። እናትየው ተነሥተው ጓዳ ገቡ። የሐዘኑን ለብቻ አድርጉት። የሁዳዴውን በገናና መዝሙርም ለብቻ፤ በጾም ዘፈን የማይከፍት ቤት ውስጥ በመሀል ጭፈራ ሲመጣ ደስ አይልም።

የመጨረሻው ስህተት የተቀዳ ዘፈን ብቻ መሰብሰብ ነው። ይኼ በጣም ያሳዝነኛል። እናታችሁ ጠጉር ስትፈትል የምታንጎራጉረው፣ አያታችሁ ያባበሉበት እሹሩሩ፣ በሰፈራችሁ ልጆች አፍ የነበረው ሆያ ሆዬ በማንም ካሴት ላይ የለም። እኔ ጋ መጥቶ "የአያቴን ዜማ ፈልግልኝ" የሚል ሰው አለ፤ ከየት ላምጣለት? እናንተ ግን ዛሬ መቅዳት ትችላላችሁ። "እማዬ፣ ዝፈኚልኝ" ካላችኋት አፍራ ትተዋለች። ሥራ ላይ ሆና ስትጀምር "ስልኬ እየቀዳ ነው" ብላችሁ ንገሯትና አጠገቧ አስቀምጡት። ሬዲዮውን ዝጉ፣ ስልኩን ከምድጃው ጭስና ከድስቱ ድምፅ አርቁት። ስታበቃ "ይኼን ማን አስተማረሽ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሷንም ቅዱት። ከዚያ ፋይሉ ላይ ስሟንና ቀኑን ጽፋችሁ በሌላ ፍላሽም ገልብጡት፣ አንዱንም ለእህት ወንድም ላኩ።